«ኩዳሳይ» ብቻ ይዞ ቶኪዮ መግባት

እሱ፦ ሁለት ወር ሙሉ በስልኬ ጃፓንኛ ስማር ከርሜ በእርግጠኝነት የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ «ኩዳሳይ»። ውሃ ሲያምረኝ «ሚዙ ኩዳሳይ»። በቃ፣ እሱን ይዤ ቶኪዮ ብገባ እኖራለሁ አይደል?

እሷ፦ (ሳቅ) ምግብ ቤት ውስጥ ትኖራለህ። አስተማሪህ ቢሮ ስትገባ ነው ጉድህ የሚፈላው።

እሱ፦ «እባክህ» ማለት አይደለም እንዴ?

እሷ፦ መማሪያው እንደዚያ ይልሃል። ዕቃ ስትጠይቅ ችግር የለውም፤ «ኮሬ ኩዳሳይ»፣ ይሄንን ስጡኝ፣ አለቀ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ «ኤኪ ማዴ ኦኔጋይ ሺማስ» ትላለህ፣ እስከ ባቡር ጣቢያው ይወስድሃል። ነገሩ የሚበላሸው ግስ ላይ ስትቀጥለው ነው። ሐኪሙ አፍህን ክፈት ሲልህ፣ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ማጉያው ከመስመሩ ራቁ ሲል፣ ያ ሁሉ ኩዳሳይ ነው። ጨዋ ነው፤ ግን እምቢ ማለት የሚባል ነገር የለበትም። እኔ እዚያ ስማር ለፕሮፌሰሬ «ሱይሴንጆ ካይቴ ኩዳሳይ» አልኳቸው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ ለማለት።

እሱ፦ እና ከለከሉሽ?

እሷ፦ ኧረ ጻፉልኝ! ግን ቅንድባቸው ሽቅብ ሲሄድ አይቻለሁ። ከቢሮው ስንወጣ አብራኝ የነበረችው ጃፓናዊት «አዘዝሻቸው እኮ» አለችኝ። ማለት የነበረብኝ «ካይቴ ኢታዳኬናይ ዴሾ ካ» ነው። ቃል በቃል ብትፈታው «የእርስዎን መጻፍ ልቀበል አልችል ይሆን?» እንደ ማለት ነው።

እሱ፦ ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለአንዲት ወረቀት!

እሷ፦ ለእኛ እኮ ከሌላው ሰው ይቀለናል። «በሩን ክፈት» እና «በሩን ክፈትልኝ» አንድ ናቸው?

እሱ፦ አይደሉም። «ልኝ» ከገባች ለእኔ ብለህ ነው።

እሷ፦ ያቺ «ልኝ» ጃፓንኛ ውስጥ ራሷን የቻለች ግስ ናት። «ኩሬሩ»፣ ለእኔ መስጠት። «አኬቴ ኩሬሩ?» ብትል ለጓደኛህ ወይ ለታናሽህ ነው፣ «ትከፍትልኛለህ?»። ቀጥሎ «ሞራኡ» አለ፣ መቀበል። «አኬቴ ሞራኤማስ ካ» ስትል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አንተ ትሆናለህ፤ «ትሰጠኛለህ?» ቀርቶ «አገኝ ይሆን?» ሆነ። ለማታውቀው ሰው፣ ለሆቴል ሠራተኛ፣ ለባልደረባህ እሱ ይበቃሃል። «ኢታዳኩ» ማለት ይኸው ሞራኡ አንገቱን ሲደፋ ነው።

እሱ፦ ቅድም ያልሽው «ኢታዳኬናይ» ውስጥ ያለችው «ናይ»ስ? አሉታ አይደለችም?

እሷ፦ ናት። እኛስ «ትንሽ አትጠብቂኝም?» እንል የለ? እምቢታውን ቀድመህ አንተው ስለጠራኸው እሱ ለመናገር አይጨነቅም። እንደ እኔ መለኪያው ይሄ ነው፦ ለሰውየው ምን ያህል ማምለጫ ትተህለታል? ባለሱቁ ሥራው ስለሆነ ማምለጫ አያሻውም። ፕሮፌሰሩ ያሻቸዋል።

እሱ፦ ከዚህ የባሰ አልተሳሳትሽም?

እሷ፦ አሳኩሳ፣ እዚያው ቶኪዮ ውስጥ! ካሚናሪሞን የሚባለው በር ጋ፣ ያ ትልቁ ቀይ ፋኖስ ያለበት። አንዲት እናት አየሁና ፎቶ እንዲያነሱኝ ፈልጌ፣ ስልኬን ዘርግቼ «ሱሚማሴን፣ ሻሺን ቶቴ ሞ ኢ ዴስ ካ» አልኳቸው። እሳቸው ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን ወደ ኋላ ደበቁ፣ ሄደው ፋኖሱ ሥር ቆሙ።

እሱ፦ (ሳቅ) ምን ብለሻቸው ነው?

እሷ፦ «ፎቶ ባነሳ ይፈቀድልኛል?» ብዬ! «ቴ ሞ ኢ» ለራስህ ሥራ ፈቃድ መጠየቂያ ናት። «ቶቴ ሞራኤማስ ካ» ብል ኖሮ ያነሱኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ አነሳኋቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።

እሱ፦ ለመጠየቅ ራሱ የሚሉት ቃልስ? የእኛ «መጠየቅ» እኮ ጥያቄውንም፣ እርዳታውንም፣ የታመመውንም ይሸከማል።

እሷ፦ እዚያ ይለያያል። ጥያቄ «ኪኩ» ነው፣ መስማትም እሱው ነው። እርዳታ «ታኖሙ»፣ በሽተኛ ደግሞ «ሚማኡ»። ከሁሉ የምወደው ግን ያልተጨረሰውን ነው። «ቾቶ ኦኔጋይ ጋ አሩን ዴስ ጋ…» ብለው ይተዉታል። «አንድ የምለምንዎት ነገር ነበር፣ ግን…»

እሱ፦ «ነበር»! እኛም ቀጠሮ ሳይኖረን ሰው ቢሮ ስንገባ «ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር» እንላለን። አሁንም እየፈለግን!

እሷ፦ ያው ነው። መልሱም እንደዚያው ይንጠለጠላል። «ኪዮ ዋ ቾቶ…»፣ «ዛሬ ትንሽ…» ብሎ አንገቱን ዘንበል ካደረገ አልሆነም ማለት ነው፤ ቀሪውን ቆመህ አትጠብቅ።

እሱ፦ ገባኝ። እንግዲያው… የዛሬውን ቅጂ ቆርጠሽ ብታስተካክይልኝ ፈልጌ ነበር፣ ግን…

እሷ፦ ኪዮ ዋ ቾቶ…