ቀይዋ ክብ የቀረችባቸው ገጾች

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራው ፈልጌ ብዙ ጊዜ ያመነታሁበትን ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

እሮጥ በነበረበት ጊዜ የልምምድ ደብተር ነበረኝ። ጠዋት ስነሣ የልብ ምቴን፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጥኩ እጽፍበታለሁ። የወር አበባዬ የመጣ ቀን ደግሞ የገጹ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ ክብ አደርጋለሁ። ሰሞኑን ደብተሩን አውጥቼ አገላበጥኩት። ክቧ በ28 ቀን፣ በ30 ቀን ትመጣለች። ከዚያ በ41 ቀን። ከዚያ በ60 ምናምን። ከዚያ የለችም። ኪሎ ሜትሩ አለ፣ የልብ ምቱ አለ፣ የተሻሻለው ሰዓቴ በትልልቁ ተጽፏል። እሷ ግን 11 ወር ሙሉ የለችም።

ያኔ አላስጨነቀኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በውድድር ቀን ይመጣብኛል ብሎ መሳቀቅ ቀረልኝ፣ ቁርጠቱም ቀረልኝ። ከእኔ በፊት የጀመሩት ሯጮች “በደንብ ስትሠሪ ይጠፋል፣ አቋምሽ መጣ ማለት ነው” ይሉኛል። በክፋት አልነበረም፤ እነሱም ከታላላቆቻቸው የሰሙትን ነው የነገሩኝ። አሰልጣኜ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያወጣኝ ነበር እንጂ ይህን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልጀምርለት?

ከዚያ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ነበር፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል። ቆይቶ ደረጃ ስወርድም አመመኝ፣ ቆይቶ ተኝቼም። አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ ከጉልበቴ ሥር ጀምሬ እየተጫንኩ ወረድኩ። ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም... ከዚያ አንዲት ቦታ፣ ከሳንቲም የማትበልጥ፣ ገና ስነካት እንባዬ መጣ። የጡንቻ ሕመም ሰፋ ይላል፣ ቦታ ይቀያይራል። ይህ ግን ጣት የሚያርፍበት አንድ ነጥብ ነበር። ራጅ ተነሣሁ፤ ምንም የለብሽም ተባልኩ። እንዲህ ያለ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም። በኋላ በኤምአርአይ ነው የተገኘው።

ውጤቱን ያየችው ሐኪም ስለ ጫማዬ አልጠየቀችኝም፣ ስለምሮጥበት መሬትም አልጠየቀችኝም። “የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?” አለችኝ። እግሬን አሞኝ መጥቼ ይህን ምን አመጣው ብዬ ግራ ገባኝ።

አጥንት እንደ ድንጋይ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ሁልጊዜ ይሠራል። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፣ በቦታው አዲስ የሚገነቡ አሉ። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው አፍራሾቹን በልጓም የሚይዛቸው። እሱ ሲወርድ የሚፈርሰው ከሚሠራው ይበልጣል። እኔ ደግሞ በዚያው አጥንት ላይ ቀን በቀን በሺዎች የሚቆጠር እርምጃ እያሳረፍኩ ነበር።

ኢስትሮጅኑ ለምን ወረደ? ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። ሩጫው ለብቻው አይደለም የሚያጠፋው። ከበላሽው ላይ ልምምዱ የወሰደው ሲቀነስ ለቀረው ሰውነት የሚተርፈው ሲያንስ፣ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ይህን ያውቃል፤ ወደ እንቁላል ማፍሪያ የሚሄደውን ትእዛዝ ያዘገያል። ስፖርተኛ ባልሆኑ ጤነኛ ወጣት ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የተረፈው ኃይል ከስብ ውጭ ላለው የሰውነት ክብደት በኪሎ በቀን ከ30 ኪሎ ካሎሪ በታች ሲወርድ ይህ ትእዛዝ በ5 ቀን ውስጥ ተዛብቷል። አምስት ቀን! ከሲታ መሆንም የግድ አይደለም። ሰውነት ስለሚቆጥብ ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ጉድለቱ ሊኖር ይችላል። ያ በደብተሬ የምኮራበት ዝቅተኛ የልብ ምት እንኳ የብቃት ብቻ ላይሆን እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው።

ባርባራ ድሪንክዋተርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት አለ። የወር አበባቸው የቀረ 14 ስፖርተኞችን መደበኛ ከሆነላቸው 14 ጋር አነጻጸሩ። የቀረባቸው ልጆች አማካይ ዕድሜ 25 ገደማ ነበር፤ የወገብ አጥንታቸው ጥግግት ግን የ51 ዓመት ሴት ያህል ነበር። ይህ ከተጻፈ ስንት ዓመቱ ነው! እኔ ስሮጥ ታውቆ ያለቀ ነገር ነበር። ሜዳ ላይ ግን አልደረሰም።

አንድ ሰው “ኪኒን ዋጪና ይመጣል” ብሎኝም ነበር። ይህን ምክር የምትሰሙ ልጆች ካላችሁ እባካችሁ አድምጡኝ። በወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚመጣው ደም የሆርሞኑ መቋረጥ ያመጣው ነው፤ ሰውነታችሁ ወደ ዑደቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። ምልክቱን ይሸፍነዋል፣ ጉድለቱን ግን አይሞላም። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ያስፈልጋሉ፣ ግን የጎደለውን ምግብ አይተኩም።

እኔን የመለሰኝ መብላትና ማረፍ ነው። ማውራቱ ቀላል ነው፤ ሳህኔ ላይ ጭማሪ ማድረግ ከማንኛውም ልምምድ በላይ ከብዶኝ ነበር፣ የፈራሁት አቋሜን ማጣት ነው። ስንጥቁ በወራት ዳነ። ክቧ ከእሱ ዘግይታ ተመለሰች፤ ያን ቀን ቀዩን እስክሪብቶ ፈልጌ አጣሁትና በእርሳስ አደረግኳት። የወገቤ አጥንት ግን በምርመራ ዛሬም ለዕድሜዬ ከሚጠበቀው በታች ነው። አጥንት አብዛኛውን ሀብቱን የሚያከማቸው እስከ 20 ዓመት ገደማ ነው። በእነዚያ ዓመታት ያልገባው በኋላ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት የማሠለጥናት የ17 ዓመት ልጅ እያነከሰች መጣች። “ቀላል ነው፣ ሲሞቀኝ ይተወኛል” አለችኝ። የሐኪሟን ጥያቄ ጠየቅኳት። ዞር ብላ ሰው መኖር አለመኖሩን አየች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “አምስት ወር ሆነኝ... መጥፎ ነው እንዴ? እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር” አለችኝ።

አጠገቤ አስቀመጥኳት። ካልሲዋን ዝቅ አድርጌ ከጉልበቷ ሥር ጀመርኩና በአውራ ጣቴ ቀስ እያልኩ ወረድኩ።