ለመሄድ ነው ወይስ ለመመለስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የአያቴን ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

አያቴ ከጣርማ በር ከፍ ብሎ ባለ መንደር ይኖሩ ነበር። መንገደኛ “ደብረ ሲና ስንት ሰዓት ያስኬዳል?” ብሎ ሲጠይቃቸው ወዲያው አይመልሱም። “ለመሄድ ነው ወይስ ለመመለስ?” ይላሉ። መሄጃው ቁልቁለት ነው። መመለሻው ጨው የተጫነች አህያ እየነዱ ያንን ዳገት መውጣት ነው። መንገዱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ ሁለት ነበር።

ይህ ጥያቄ ለሰማይም እንደሚሠራ የገባኝ ዴልሂ እማር በነበረበት ጊዜ፣ በጥር ወር ቶኪዮ ጓደኛዬ ዘንድ ደርሼ ስመለስ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ሰባት ሰዓት ያህል መፍጀት አለበት። ቲኬቴ ግን ሌላ ይናገራል። በመሄጃው ከመነሻ እስከ መድረሻ 11 ሰዓት፣ በመመለሻው 6 ሰዓት ብቻ። መመለሻው ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ የቶኪዮ ሰዓት ከዴልሂ በሦስት ሰዓት ተኩል እንደሚቀድም አስታውሼ ሳሰላው ነገሩ ተገለበጠ፤ መሄጃው ሰባት ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ።

ልዩነቱን ያመጣው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምድር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደ ወንዝ የሚወርድ ነፋስ አለ። የሳይቤሪያ ብርድና የደቡቡ ሙቀት ሲራራቁ ይበረታል። የቲቤት አምባ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ጃፓን ሰማይ ላይ ተመልሶ ይገጥማል። በብርድ ወራት እዚያ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበት ቀን አለ። ስሄድ ከፊቴ ያለው ስክሪን የአውሮፕላኑን ፍጥነት 1,140 ብሎ አሳየኝ። ስመለስ፣ ከጃፓን ሳንርቅ፣ 690 ይላል። ሞተሩ ያው ሞተር፣ ድምፁም ያው ድምፅ ነበር።

ይህን ነፋስ አስቀድመው የለኩት ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባሉ ጃፓናዊ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ከቶኪዮ ብዙ በማይርቀው በታቴኖ ጣቢያ ፊኛ እየለቀቁ፣ በመነጽር እየተከተሉ መዘገቡት። እ.ኤ.አ. በ1926 ውጤቱን ያሳተሙት በኤስፔራንቶ ነው፤ የሁሉም እንዲሆን በታለመው ቋንቋ። ከጃፓን ውጭ ጽሑፉን ልብ ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ቶኪዮ ሰማይ ላይ ከዚያው ነፋስ ጋር ተፋጠጡ። ጃፓንም በበኩሏ ቦምብ የታሰረባቸውን ፊኛዎች በዚያው ነፋስ ወደ አሜሪካ ሰደደች። ለሁሉም ብሎ የጻፈ ሰው ልፋት በመጨረሻ ለዚህ መዋሉ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በመመለሻው ከአጠገቤ አንዲት ህንዳዊት እናት ተቀምጠው ነበር። “ስንመጣ እንዲህ አልቆየንም፤ አሁን ምን ሆነን ነው?” ብለው ጠየቁኝ። አያቴ ትዝ አሉኝ።

“ዳገት እየወጣን ነው፣ እናቴ” አልኳቸው።

የመስኮቱን መጋረጃ ከፍ አድርገው ወደ ታች ተመለከቱ። ደመናው ሜዳ ሆኖ ተዘርግቷል፤ አውሮፕላኑም ቀጥ ብሎ ይበራል።