ኪሎው ወረደ፤ ከዚያስ?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ክብደት እንዴት እንደሚቀነስ አላወራም። እሱን ቲክቶክም ጎረቤትም ይነግራችኋል። የዛሬው ክፍል ቀንሰው ለጨረሱ ሰዎች ነው። 80 ኪሎ ነበራችሁ እንበል፣ ግባችሁ 68 ነበር፣ አንድ ቀን ጠዋት ሚዛኑ 68 አለ። ደስ ይላል። በማግስቱ ግን ምን ይበላል? እስካሁን በተበላው ይቀጠላል ወይስ ይጨመራል? ከተጨመረስ ስንት? ብዙ ሰው ለክሳቱ ዕቅድ ያወጣል፤ ከክሳቱ በኋላ ላለው ቀን ግን ምንም የለውም። ኪሎው የሚመለሰው እዚያ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም።

ሰውነት ውስጥ ያለውን ነገር እንይ። ለዓመታት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይህንኑ ሲያጠና የቆየው ኬቨን ሆል ከባልደረቦቹ ጋር ያሰላው ሒሳብ አለ። ለእያንዳንዱ የቀነሳችሁት ኪሎ ሰውነት በቀን የሚያወጣው ጉልበት ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሳል። የምግብ ፍላጎት ደግሞ በተቃራኒው ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። 12 ኪሎ ለቀነሰ ሰው አስሉት፤ በቀን ከ240 እስከ 360 ካሎሪ ያነሰ ይበቃዋል፣ ሆዱ ግን 1200 ካሎሪ ተጨማሪ ይጠይቀዋል። ያን ሁሉ ይበላል ማለት አይደለም፤ ግፊቱ ያን ያህል ነው ማለት ነው። በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም ትንሽ እያበላ አከሳና ከዓመት በኋላ ሲለካቸው የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ስለዚህ ግባችሁ ላይ ከደረሳችሁ ከስድስት ወር በኋላም «ለምንድን ነው እንዲህ የሚርበኝ?» ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው። ጉድለቱ የእናንተ አይደለም።

እንግዲህ ማግስቱ። የምትበሉትን በአንድ ጊዜ ወደ ድሮው አትመልሱት፤ የድሮው የ80 ኪሎ ሰው ምግብ ነው። በየሳምንቱ በቀን ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ጨምሩ። ይህ ማለት አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም የአንድ ትልቅ እንጀራ ሩብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ቆዩ፣ የሳምንቱን አማካይ ክብደት እዩ፣ ካልተነሳ እንደገና ጨምሩ። አማካዩ ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ከፍ ካለ የመጨረሻዋን ጭማሪ መልሱና እዚያው ቁሙ። አብዛኛው ሰው ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ልኩን ያገኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ሁለት ኪሎ ይጨምራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚከማች ግላይኮጅን የሚባል ስኳር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ ሦስት ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ዳይት ላይ ሳላችሁ ክምችቱ ጎድሎ ነበር፤ እንጀራው ሲጨመር ይሞላል፣ ውኃውም አብሮ ይገባል። አንጀት ውስጥ ያለው ምግብም ይመዝናል። አንድ ኪሎ ስብ ለማከማቸት ግን ወደ 7700 ትርፍ ካሎሪ ያስፈልጋል። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልጋችሁ በላይ 15400 ካሎሪ መብላት አለባችሁ፤ ይህን ደግሞ የሰርግ ቤትም አያደርገውም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ደንግጣችሁ ወደ ረሃቡ አትመለሱ። መራብ፣ መደንገጥ፣ እንደገና ከልክ በላይ መብላት፤ አዙሪቱ የሚጀምረው በዚች ድንጋጤ ነው።

ሚዛኑን በተመለከተ። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ውኃ እንኳን ሳይቀመስ፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ይዋሻል። የየቀኑን ቁጥር ጻፉ፤ የምታምኑት ግን የሰባቱን ቀን አማካይ ብቻ ነው። ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት በውኃ ብቻ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይህን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያዩት። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት የጠበቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት ብሔራዊ መዝገብ አለ። ከተመዝጋቢዎቹ 75 በመቶው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ፤ 90 በመቶው በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። 78 በመቶው በየቀኑ ቁርስ ይበላሉም ይላል። ይህችን ይዞ «ጾመኛ ቁርስ ስለማይበላ ይወፍራል» የሚል ሰው አይጠፋም። መዝገቡ የተሳካላቸው ሰዎች የሚያደርጉትን ነው የሚነግረን፤ ምክንያቱ ያ መሆኑን አያረጋግጥም።

አሁን ወደ ወጥ ቤት ልግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። እኛ አገር ሰው መክሳት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጣላው ከእንጀራ ጋር ነው። ዘይቱን ግን ማንም አያየውም። አራት ሰው ያለበት ቤት ባለ አምስት ሊትር ዘይት በወር ይጨርሳል እንበል። ለሠላሳ ቀንና ለአራት ሰው ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው ወደ 42 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ወደ 340 ካሎሪ ነው። ቅድም 12 ኪሎ የቀነሰ ሰው በቀን ስንት ካሎሪ ያነሰ ይበቃዋል አልን? ከ240 እስከ 360። እንግዲህ አዲሱ ሰውነት የማይፈልገው ምግብ ያን ዘይት ያህል ነው። እኔ ብሆን እንጀራውን ትቼ ከጀሪካኑ እጀምራለሁ።

እንዴት? በመጀመሪያ ከጀሪካኑ ወይም ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆር ይቁም። በሾርባ ማንኪያ ይለካ፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ ይበቃል። ሽንኩርቱን ደረቁን አቁላሉት፤ ሲይዝ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ሟሙቶ እስኪለሰልስ ድረስ። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይግባ፣ በርበሬው ደግሞ ከዘይቱ በኋላ፣ እሳቱ ዝግ ብሎ። ዘይት ሲቀነስ ወጥ አልጥም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ሽንኩርቱ በደንብ አልበሰለም፣ ወይ በርበሬው ውኃ አጥሮት አርሯል። ቁሌቱ ጊዜ ካገኘ ሦስት ማንኪያ ዘይት ያለው ወጥ ከስድስቱ አይለይም። ቅቤም ያው ነው፤ ንጥር ቅቤ በማንኪያ ከዘይት አይቀልም።

ሁለተኛው ነገር ትሪው ነው። አብሮ መብላት ደግ ነገር ነው፤ ችግሩ ስንት እንደበላችሁ አለማወቃችሁ ነው። እንጀራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ለዩት፤ ግማሹን ወይም ሦስት ሩቡን ጠቅልላችሁ ከፊታችሁ አስቀምጡ፣ እሱ ሲያልቅ አለቀ። ከወጡ ስር ያለው እንጀራ ዘይቱን ሁሉ የጠጣው ነው፤ ሲጣፍጥም የሚጣፍጠው እሱ ነው፣ አውቃለሁ። በየቀኑ የሚበላ ከሆነ ግን እሱን ተዉት። ፍርፍርም እንደዚያው ያታልላል፤ ሁለት እንጀራ ሲፈረፈር አንዲት ጎድጓዳ ሳህን አይሞላም።

ቡና ላይ አልቆይም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ወደ 100 ካሎሪ ነው። አጠገቡ ያለው ቆሎ ሁለት እፍኝ ከሆነ ከ200 ያልፋል፤ ለውዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስኳሩን ወይም ቆሎውን ምረጡ፤ ሁለቱን አይደለም።

አሁን ስለ ጾም። ብዙ ሰው «ሁዳዴ ላይ እቀንሳለሁ» ይላል። አንዳንዱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ይጨምራል። በጾም ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱ ይወጣል፤ በቦታው የሚገባው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ እንጀራ፣ ዘይት የረሰረሰ ሽሮና ብስኩት ነው። ፕሮቲን ይጎድላል። ሲከሱ ከሚጠፋው ኪሎ ውስጥ ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ፣ ጡንቻን ጨምሮ፣ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቲን ሲያንስ ይህ ይብሳል። 68 ኪሎ የሆነ ጤነኛ ሰው በቀን ከ80 እስከ 110 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። በጾም ይህን ማግኘት ሥራ ይጠይቃል፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ምስሩም ሽሮውም ወፍራም ይሁን፣ በጭልፋው ላይ ይጨመር፣ እንጀራው ይቀነስ። የተቀቀለ ባቄላና ሽምብራ በብስኩቱ ቦታ ይግባ። ረመዳን የሚጾሙም የዘይቱ ነገር አይቀርላቸውም፤ ማፍጠሪያው ላይ ያለው ሳምቡሳ የተጠበሰ ነው።

ከሁዳዴ 55 ቀን ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን ከፋሲካ በኋላ ያለው ነው። በዓለ ሃምሳ። 50 ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ የለም። ብዙ ሰርግ የሚደገሰውም ያን ጊዜ ነው፣ በሁዳዴ ሰርግ ስለሌለ። ሁለት ወር ሊሆን ትንሽ ቀናት የቀሩት ድግስ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቃችሁት ኪሎ እዚህ ሊሄድ ይችላል። ሚዛኑን የማትዘሉበት ጊዜ ቢኖር ይኸ ነው። ሰው ግን ከበዓል በኋላ አፍሮ ሚዛኑን አልጋ ስር ይከተዋል። ረቡዕና ዓርብ ባይጾምም ቤት ውስጥ ሽሮ ወይም ምስር ቢበላ የሚከለክል የለም። በዓሉ ዕለት ሦስት ቤት ከተጠራችሁ የምትበሉበትን አንዱን ቤት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በሌሎቹ ቡና ጠጡ። ሳህናችሁን ቶሎ ባዶ አታድርጉ፤ ባዶ ሳህን ይሞላል፣ ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ግን ብዙ አይገደድም። ጉርሻ አይመለስም፤ አንዷን በደስታ ጎርሱ፣ ያጎረሰውን መልሳችሁ አጉርሱ፣ ከዚያ ወሬ አምጡ።

ሰው ይናገራል ደግሞ። «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» «ፊትህ ጠቆረ፣ ብላ እንጂ።» እናት ስትለው ይከብዳል። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» በቂ መልስ ነው። ስለ ካሎሪ ማስረዳት ከጀመራችሁ ክርክሩ እስከ ማታ ነው፣ እራቱም አብሮ ይቀርባል።

እንቅስቃሴ ክብደት ለመቀነስ ብዙም አይረዳም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከምግብ ጋር ሲነጻጸር እውነትነት አለው። ኪሎውን ለመጠበቅ ግን በጣም ይረዳል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2009 ያወጣው ምክር በሳምንት ከ200 እስከ 300 ደቂቃ ነው፤ በቀን ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ይጨመርበት። ጂም ከሌለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሹን ውኃ ሙሉት፣ 10 ኪሎ ሆነ፤ ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ቁጭ ብድግ በሉ፣ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ኪሎ ይጨምራል፤ ስለዚህ መስመሩን አሁኑኑ አስምሩ። ግባችሁ 68 ከሆነ ከ67 እስከ 69.5 ድረስ ቤታችሁ ነው፣ ምንም አታድርጉ። የሳምንቱ አማካይ 70 ከነካ ለሦስት ሳምንት በቀን 400 ካሎሪ ይቀነስ፤ ከዘይቱ፣ ከስኳሩ፣ ከማታው ቆሎ። ይህ አንድ ኪሎ ገደማ ስብ ያወርዳል፣ ውኃውም ተጨማሪ ነው። ወደ 68.5 ሲመለስ ቅነሳው ይቁም። የሚበላሸው ሰው «ከበዓል በኋላ» «ከሰርጉ በኋላ» እያለ 74 ሲደርስ ነው፤ ያኔ የሦስት ሳምንቱ ሥራ የአራት ወር ይሆናል።

ሁለት ነገር ለሕክምና ላይ ላሉት። እንደ ሴማግሉታይድ ያለ የክብደት መርፌ የሚወስዱ ሰዎች በራሳቸው ባያቆሙት ይሻላል። በ2022 በታተመ ጥናት መርፌውን ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ማቋረጥ ካለባችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ፣ ለሚቀጥሉት ወራት የሚዛኑንም የምግቡንም ዕቅድ አስቀድማችሁ ይዛችሁ ይሁን። ኢንሱሊን፣ ሌላ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በ80 ኪሎው የታዘዘለት መጠን በ68 ሊበዛበት ይችላል። ከተቀመጣችሁበት ስትነሱ የሚያዞራችሁ ወይም የሚያንቀጠቅጥና የሚያልብ ረሃብ የሚመጣባችሁ ከሆነ ዳይቱ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ።