ዋስ አላጣሁም አለችኝ

ባለፈው ክፍል የወንድሜን ባጃጅ ታሪክ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። ይቆይ። ባጃጁ እንደሆነ ገና ጋራዥ ነው፣ የትም አይሄድም። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ የተዘጋጀ ጽሑፍም የለኝም። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ካቋረጠን እንደ ልማዳችሁ ታገሡት፤ ይህን ፕሮግራም ከእኔ በላይ የሚመራው እሱ መሆኑን ታውቃላችሁ።

የቆርኪዋን መምህርት ታስታውሷታላችሁ አይደል? አሁንም ያው ናት። ኮምቦልቻ ወርጄ በመስኮት አየኋት። ልጆቹ ፊት አሥር ቆርኪ ደርድራ ጥቂቱን በመዳፏ ትሸፍንና «ስንቱ ተደበቀ?» ትላለች። አንዱ የሚታዩትን ቆጥሮ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ «ሦስት!» ብሎ ይጮኻል። እጇን ስታነሣ ሦስት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ «ለምን ተደበቁ?» አለቻት። ሳታመነታ «አፍረው ነው» ብላት ቀጠለች። መቀነስን ከዚህ የተሻለ ሲያስተምር ያየሁት ሰው የለም፤ ይህን የምለው ስለምወዳት ብቻ አይደለም። እሺ፣ ስለምወዳትም ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የትምህርት ዕድል አግኝታለች። በክረምት እየተማረች ዲግሪዋን እንድትይዝ የምትሠራበት የግል መዋዕለ ሕፃናት ግማሹን ክፍያ ይሸፍንላታል። ስትመረቅ ሦስት ዓመት እዚያው ታገለግላለች። ሳትጨርስ ከሄደች ገንዘቡን ትመልሳለች፤ እሷ ካልመለሰች ደግሞ ዋሷ። ቅጹ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል አለበት፣ ዕዳውን ሙሉውን ከዋሱም ብቻ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው፤ ያቺን ሐረግ ያየ ሰው እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ይከታል።

ልጆቹ ወጥተው ክፍሉ ባዶ ሆኗል። የልጆቹ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው፤ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ በደረቱ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጠርዙ ላይ ኮላ ደርቆበታል። እኔ የመሰለኝ ዋስ አጥታ ልትለምነኝ ነው።

«እትዬ፣ ዋስ አላጣሁም» አለችኝ። «አጎቴ እፈርምልሻለሁ ብሎኛል። ደመወዙም ካንቺ ይበልጣል።»

ይበልጣል፤ የማይበልጠኝ ማን አለ። «ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አልኳት።

«አጎቴ ከፈረመ ዲግሪውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንቺ ከፈረምሽ ግን ያሳፍረኛል።»

«ለምን እኔ?»

«አንቺ ሄደሻላ።»

ይህን ብላ ገና አፏን ሳትዘጋ አንዲት እናት ልጇ የረሳውን ሹራብ ልትወስድ ገባች። መምህርቷም ተነሥታ ሹራብ ፍለጋ ገባች፤ ሰማያዊ ነው፣ የለም ቀይ ነው፣ እያሉ ሁለቱ ቦርሳና ቁምሳጥን አገላበጡ። እኔ ቅጹን ገለበጥኩት፣ አነበብኩት፣ መልሼ በደረቱ አስተኛሁት። ስትመለስ ስለ ሹራቡ አወራን። በቃ፣ ያ ነው። ሌላ ምንም አልተባለም።

አንቺ ሄደሻላ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ጭንቅላቴ ውስጥ ይሽከረከር ነበር። ሀረጎ ላይ ዓይኔን እንደምጨፍን ታውቃላችሁ፤ ያን ቀን ግን ጉሙም፣ ገደሉም፣ ከፊታችን የሚያቃስተው የጭነት መኪናም ትዝ አላለኝም። መጀመሪያ «እንዴት ብታከብረኝ ነው» አልኩ። ከታች ቦርከና ወንዝ ላይ የነበረው ሙቀት ከላያችን ወርዶ ብርዱ ሲጀምር ደግሞ «ሰደበችኝ እኮ!» አልኩ። መዋዕለ ሕፃናቱን ትቼ ቢሮ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ዲግሪ ይዛ የምትሄድ መምህርት ማለት እኔ ነኝ፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ያን ውል ስታስጽፍ በዓይነ ሕሊናዋ የታየችው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በመሄዴ አልጸጸትም፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬያችኋለሁ። በዚያ ደመወዝ የቤት ኪራይ አይከፈልም ነበር። ታዲያ ምኑ ነው የከነከነኝ?

የትምህርት ቤቱን ባለቤት መውቀስ ይቀልላል። ግን የእሷንም ፍርሃት አውቀዋለሁ። እኛ አገር ለሕፃናት መምህርት ዲግሪ ማለት ከሕፃናት መውጫ በር ነው። ከተመረቀች አንደኛ ክፍል፣ ወይም ቢሮ፣ ወይም ባንክ። አንቀጹን ያስጻፈችው ክፋት ስላለባት አይመስለኝም።

በዚህ ሰሞን ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደሚይዘው ሳነብ ነበር። አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 የተጀመረ «ቲች» የሚባል ለሕፃናት መምህራን የሚሰጥ የትምህርት ዕድል አለ። ችግራቸው ያው የእኛው ነበር፤ ደመወዙ ትንሽ፣ ሥልጠናው ጥቂት፣ መምህራኑ ደግሞ አይቆዩም። ወጪውን ፕሮግራሙ፣ አሠሪውና ተማሪዋ ይካፈሉታል። ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ ይደግፏታል፣ ለማጥናት ከሥራ የምትወጣበት ጊዜም ይታሰብላታል። እሷም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት እዚያው ለመቆየት ትስማማለች። እስከዚህ ድረስ ከኮምቦልቻው ቅጽ ብዙም አይለይም። የሚለየው፣ የተስማማችበትን ትምህርት ስትጨርስ የደመወዝ ጭማሪ ወይም ጉርሻ ይሰጣታል፤ ያም ውሉ ውስጥ ተጽፏል። ሁለቱም ወገን ይታሰራል። የእኛን ቅጽ ሹራቡ ሲፈለግ ፊቱንም ጀርባውንም አይቼዋለሁ፤ ስለ ደመወዝ አንድ መስመር የለበትም። እሷ ትታሰራለች፣ ዋሷ ይታሰራል፣ ሌላው ወገን ግን ግማሽ ክፍያውን ከፍሎ እጁን ያጣጥፋል። እዚህ ላይ ተናድጃለሁ። አሁንም እያወራሁ እየተናደድኩ ነው።

ሥልጠናስ ቢሆን? ተሙማን የምታውቁ መምህራን ትስቃላችሁ። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በዓመት 60 ሰዓት፣ ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ፊርማ፣ ይህ ሁሉ የሚጠረዝበት ማህደረ ተግባር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የምሬን ነው። ነገር ግን የቆርኪዋ መምህርት ማህደረ ተግባር ትራስ ያህላል፣ ቆርኪው ግን አንድም ገጽ ላይ የለም። አሜሪካ «ሲዲኤ» የሚሉት የሕፃናት መምህራን የብቃት ማረጋገጫ አላቸው። 120 ሰዓት ሥልጠና፣ ከልጆች ጋር 480 ሰዓት ሥራ፣ የእነሱም ማህደር አለው፤ ግን አንድ ባለሙያ መጥቶ ክፍል ውስጥ ስታስተምር ያያታል። ያያታል! ይህቺን ልጅ መጥቶ ያየ ሰው ቢኖር… እንጃ፣ ምናልባት ድምፅሽ ይጮኻል ብሎ ይመለስ ነበር።

ደግሞ እኮ የልጆቹ ነገር በወረቀት ደረጃ የተረሳ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ፣ ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ለሕፃናት የጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተዋል። በ2015ቱ የትምህርት ፖሊሲም ቅድመ አንደኛ የሁለት ዓመት ሆኗል። ልጆቹ ይመጣሉ ማለት ነው። የሚቀበላቸው ማን እንደሆነ ግን…

እኔ የኔታ ዘንድ ሀ ሁ ስል የጎረቤታችን ልጆች መድረሳ አሊፍ ባ ይሉ ነበር። ማታ ሰፈር ስንገናኝ እኔ የእነሱን፣ እነሱ የእኔን በቃላችን እንወጣው ነበር፤ ደሴ ያደገ ያውቀዋል። የኔታ ዋስ አልጠሩም፣ ውል አልፈረሙም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ዛፍ ሥር ነበሩ። ይህን ሳነሣ ወንድሜ «የኔታም እኮ ሌላ መሄጃ ስላልነበራቸው ይሆናል» አለኝ። ዝም አሰኘኝ። ትዝታዬን ሁሉ ነው ያበላሸብኝ፤ ባጃጁ ይበለው!

እና ቅጹ። ለዋስትና የደመወዝ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከመሥሪያ ቤቴ ልጠይቅ ሄድኩ። የሰው ኃይል ክፍሏ ሠራተኛ «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?» አለችኝ። እህቴ ናት አልል፣ አይደለችም። የሥራ ባልደረባዬ አልል፣ እኔ ሄጃለሁ። «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ገና አልተመለስኩም።

እናቴ «ፈርሚላት፣ የሰው ልጅ ናት» ትላለች። ወንድሜ «እብድ ነሽ እንዴ» ይላል። ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ገንዘቡ ነው። ገንዘቡ አይደለም እኮ የጨነቀኝ። ብትሄድም እከፍላለሁ፤ አጉረምርሜም ቢሆን እከፍላለሁ። የጨነቀኝ፣ ከፈረምኩ የማትሄድ መሆኗ ነው። እኔ መኖር ባቃተኝ ደመወዝ ላይ ሦስት ዓመት በእኔ ፊርማ ልትቀመጥ ነው። ካልፈረምኩ ደግሞ አጎቷ ይፈርማል፣ ትሄዳለች፣ እነዚያ ልጆች…

ትናንት ደውላልኝ ነበር። ስለ ፎርሙ አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ስለ ዝናቡና ስለ ታክሲ ዋጋ አወራን። ምዝገባው እየቀረበ ነው፤ ምናልባት አጎቷ ፈርሞላት ይሆናል። ፈርሞላት ከሆነ ልትሄድ ነው ማለት ነው፣ በራሷ አፍ ብላዋለች። ብትሄድስ፣ ልክ አይደለችም? አንደኛ ክፍል ብትገባ ደመወዟ ቢያንስ… ቢያንስ ምን? እሱንም ገና አልጠየቅኳትም።