ደላላው «35 ደቂቃ ነው» ሲላችሁ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ሥራው ትልቅ ከተማ ውስጥ ሆኖ ቤቱን ግን ከተማው ዳር፣ ወይም ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ለማድረግ ላሰበ ሰው ነው።

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ስንት ክፍል ነው፣ ግቢው ይበቃል ወይ፣ ኪራዩስ? ይሄ ሁሉ መታየት አለበት። ግን ቤት ይታደሳል፤ ቀለም ይቀባል፣ ግድግዳ ይፈርሳል፣ ወጥ ቤት ይሰፋል። መንገዱን ግን ማንም አያድስላችሁም። ስለዚህ እኔ ብሆን ከመንገዱ ነው የምጀምረው።

ደላላው «ከዚህ መሀል ከተማ 35 ደቂቃ ነው» ይላችኋል። ዋሸ ማለት አይደለም። የሚነግራችሁ ግን መኪናው ከተነሳበት እስከሚቆምበት ያለውን ነው፤ ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን። እናንተ መቁጠር ያለባችሁ የቤታችሁን በር ከቆለፋችሁበት ሥራ ቦታ ወንበራችሁ ላይ እስከምትቀመጡበት ነው። ከቤት እስከ ፌርማታ በእግር 8 ደቂቃ፣ ሰልፍ ላይ 10፣ ጉዞው ራሱ 35፣ መሀል ላይ ትራንስፖርት ለመቀየር 7፣ ከወረዳችሁ በኋላ 6። ደምሩት፤ 66 ሆነ። የራሳችሁ መኪና ካላችሁም ያው ነው፤ ፓርኪንግ ፍለጋውና ከፓርኪንጉ የሚመጣው የእግር መንገድ ይታሰባል።

አንዴ ለክቶ መተውም አይበቃም። አምስት የሥራ ቀን ለኩ እንበል። 50፣ 54፣ 52፣ 88፣ 56 ወጣ። አማካዩ 60 ነው፣ ደስ ይላል። ግን አለቃችሁ አማካይ አያውቅም። በሰዓቱ መግባት የግድ ከሆነ፣ 88 የሆነችው ቀን የትኛዋ እንደምትሆን ስለማታውቁ በየቀኑ ለ88 ነው የምትነሱት። እኔ ሁለት ሰፈር ሳወዳድር አማካዩን ትቼ የከፋውን ቀን ነው የማየው። ሁልጊዜ 65 የሚፈጅ ሰፈር፣ አንዳንዴ 45 አንዳንዴ 95 ከሚሆነው ይሻላል። በበኩሌ ሳላመነታ እሱን እመርጣለሁ።

ቼዛሬ ማርኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. ያነሳው ነገር አለ። ሰው በየትኛውም ዘመን፣ በእግርም ይሂድ በባቡር፣ ለዕለት ጉዞው የሚያውለው ጊዜ ደርሶ መልስ 1 ሰዓት አካባቢ ነው ይላል። እንደ ሕግ ባልወስደውም ለመለኪያ ይጠቅማል። ከዚያ እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ከእንቅልፍ፣ ከልጅ፣ ከእራት ላይ እየቆረሳችሁ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ርቀት ላይ ኪራይ ይረክሳል» ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻ እንሥራው። በወር ከኪራይ 100 ተረፈላችሁ በሉ፤ የገንዘቡን ዓይነት ራሳችሁ ሙሉበት። ትራንስፖርቱ 60 ቢጨምር በእጅ የቀረው 40 ነው። መንገዱ በአንድ ጉዞ 20 ደቂቃ ቢጨምር በቀን 40 ደቂቃ ነው፤ በወር 20 የሥራ ቀን ሲባል 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። 40ውን ለዚያ አካፍሉት፤ አንዷን ሰዓታችሁን በ3 ሸጣችኋት ማለት ነው። ደመወዛችሁ ለአንድ ሰዓት ስንት ይደርሳል? ከሱ ጋር አስተያዩት። ቤተሰቡ ርቀቱን ለመቻል ሁለተኛ መኪና የሚገዛ ከሆነማ ቁጠባው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል።

«አዲስ መንገድ እየተሠራ ነው፣ በሁለት ዓመት ይቀላል» የሚል ማባበያም አለ። ጂል ዱራንቶንና ማቲው ተርነር የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ከተሞችን አይተው፣ አውራ ጎዳና በሰፋ መጠን የሚነዳውም መኪና በዚያው ልክ እንደሚጨምር አሳይተዋል። መንገዱ ሲከፈት ይቀላል፤ ቀላልነቱን ሰምቶ ሌላው ሰው ይመጣል፤ እንደገና ይሞላል። ስለዚህ ገና ባልተሠራ መንገድ ላይ አትዋዋሉ።

ይልቅ ካርታ አውጡና ከሰፈሩ ስንት መውጫ እንዳለ ቁጠሩ። አንድ ድልድይ ወይም አንድ መገናኛ ብቻ ከሆነ፣ እዚያ ላይ አንድ የጭነት መኪና የተበላሸ ቀን ሁላችሁም ቤት ናችሁ። የመጨረሻው ትራንስፖርት በስንት ሰዓት እንደሚነሳም ጠይቁ፤ መሄጃው ሞልቶ መመለሻ የሌለበት ሰፈር ብዙ ነው።

የከተማ ዳርቻና ትንሽ ከተማ አንድ አይደሉም። ዳርቻው የሚኖረው በትልቁ ከተማ ነው፤ ጠዋት ይፈስሳል፣ ማታ ይሞላል። ትንሿ ከተማ የራሷ ገበያ፣ የራሷ ሥራ፣ የራሷ መሀል አላት። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሂዱ። ሱቁ ተከፍቷል? መንገድ ላይ ሰው አለ? ወይስ ዘበኛና ውሻ ብቻ ነው የቀረው? ቤት የሚውል ሰው ካላችሁ፣ አራስም ትሁን ጡረተኛ፣ ወይም ከቤት ሆኖ የሚሠራ፣ ይህች እኩለ ቀን ከማታው ትበልጥባችኋለች። ዳርቻው ላይ ሁሉም አዲስ ስለሆነ ጎረቤት ቶሎ ይገኛል፤ ትንሿ ከተማ ላይ ግን ሰው ተዋውቆ ያለቀ ነው፣ እናንተ ለዓመታት «እነዚያ አዲሶቹ» ትባላላችሁ። መጥፎ ነው አላልኩም። በዚያው ልክ የከተማው ሥራ ቢቋረጥ እዚያው ሌላ ሥራ ሊገኝ ይችላል፤ ዳርቻው ላይ ይህ ተስፋ ጠባብ ነው።

ቤቱ ጋ ከደረሳችሁ ደግሞ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ሁሉም ሰው ውሃ በሚጠቀምበት ሰዓት ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ክፈቱና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ1 ደቂቃ ከሞላ ጥሩ ነው። 4 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 2 ሊትር ተኩል ነው፤ አንዱ ሻወር ሲገባ ወጥ ቤት ያለው ይጠብቃል። «ችግር የለም፣ ጣሪያ ላይ ታንከር አለ» ይሏችሁ ይሆናል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ታንከሩ ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.3 ባር ነው የምታገኙት፤ አንዳንድ የሻወር ማሞቂያዎች በዚያ ግፊት ጭራሽ አይነሱም። ስለዚህ ፓምፕ አለ ወይ? መብራት ሲጠፋስ? ውሃ ለሦስት ቀን ይጠፋል ከተባለ፣ ለአራት ሰው በቀን 50 ሊትር ሲታሰብ 600 ሊትር ማጠራቀም ያስፈልጋል። የታንከሩን ልክ በዓይን አትገምቱ፤ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ፍሳሹም እንዲሁ። መስመር ከሌለ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ግቢ ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ይኖራል፤ መጨረሻ የተመጠጠው መቼ እንደሆነ፣ መምጠጫ መኪናውስ በሩ ድረስ መግባት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ራሳችሁ በእርምጃ ለኩ። ጥሩ መነሻ 30 ሜትር ነው፤ ቀረብ ካለ ውሃው ሳይመረመር አትጠጡት። የታችኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ ቁመቱ እኩል የሆነ የእርጥበት መስመር ካያችሁ ጎርፍ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ቀለም የተቀባው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ከሆነም ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ላይ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ እስከ ስንተኛ ክፍል ያስተምራል? ከዚያ በኋላ ልጁም እንደናንተ ተጓዥ ይሆናል። ጤና ተቋሙን ደግሞ ሌሊት ሂዳችሁ እዩት፤ ሕንፃው ሳይሆን ሌሊት ክፍት መሆኑ ነው ቁም ነገሩ።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ደስ ሊያሰኛችሁ ይችላል። ባለቤት የሌለው ሜዳ ግን የለም። ማዘጋጃ ቤት ገብታችሁ በመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ላይ ለምን እንደተያዘ ጠይቁ። መናፈሻ ሊሆን ይችላል፣ መጋዘንም ሊሆን ይችላል።

ለመግዛት ያሰባችሁም ብትሆኑ ከቻላችሁ መጀመሪያ እዚያው ሰፈር ተከራዩ፤ ደረቁንም ዝናቡንም ወቅት እስክታዩ። ካልቻላችሁ ቢያንስ አንድ ማክሰኞ ፈቃድ ውሰዱና ከዚያ በር ላይ ተነስታችሁ ሥራ ቦታ ድረስ ሂዱ፤ በሥራ መውጫ ሰዓትም ተመለሱ። ያን ቀን ዝናብ ከጣለ እሰየው፤ ጃንጥላ ያዙና ውጡ።