ይችላል ወይስ ያደርጋል? ስኪዞፍሬኒያና የዕለት ኑሮ

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ መንጃ ፈቃድ ነው የማወራው። አይ፣ ቪዲዮ አልተሳሳታችሁም! ርዕሳችን ስኪዞፍሬኒያ (ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ ሊያመጣ የሚችል የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው የዕለት ኑሮውን የመምራት ችሎታው እንዴት ይለካል ነው። ግን መንጃ ፈቃዱን ታገሱኝ።

አንድ ሰው ፈተናውን አልፎ ፈቃዱን ኪሱ ከቷል እንበል። መኪናው ግን ከግቢ ንቅንቅ አይልም። ለምን? ምናልባት ነዳጅ የለም። ምናልባት መንገዱ ያስፈራዋል። ምናልባት የትም መሄድ አላሰኘውም። ምናልባትም፣ ይቺን ልብ በሉልኝ፣ ቁልፉን ወንድሙ ይዞበታል፤ «አንተ አትድከም፣ እኔ አደርስሃለሁ» እያለ። መንዳት ይችላል፤ አይነዳም። ይችላል፤ አያደርግም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው! (የእኔም ፈቃድ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የጠፋው መኪናው ነው።)

መለኪያውም ለየቅል ነው። «ይችላል ወይ?» ለሚለው የታወቀው ዩፕሳ የሚባለው የተግባር ፈተና ነው፤ እነ ቶማስ ፓተርሰን ሳንዲያጎ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት። ተፈታኙ እዚያው ሠርቶ ያሳያል፦ ብር ይቆጥራል፣ ስልክ ደውሎ የሐኪም ቀጠሮ ያዛውራል፣ የአውቶቡስ መስመር ያነባል። ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ነጥቡ ከ100፣ በቃ። «ያደርጋል ወይ?» ለሚለው ደግሞ ውሎውን በቅርብ የሚያይ ሰው ይጠየቃል። ራሱም ይጠየቃል፤ ግን የራስን ችሎታ መገመት ለማንም ከባድ ነው፣ እዚህ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ እናንተ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር «ድምፁ ከጠፋለትማ ድኗል፣ ምኑ ይለካል?» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ቆይ ቆይ! መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚያግዘው ለድምፁና ለጥርጣሬው ነው። ሰው ሦስት ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ሦስቱንም ይዞ እንዲመለስ የሚያደርገው ግን ማስታወስ ነው፣ ትኩረት ነው፣ ማቀድ ነው፣ ተነሳሽነት ነው። እነዚህ ድምፁ ጸጥ ካለ በኋላም ተዳክመው ሊቆዩ ይችላሉ። «ድኗል እኮ፣ አሁን ስንፍና ነው» የምትሉ፣ እባካችሁ ይህን ቃል ጣሉልኝ። ስንፍና አይደለም! በተቃራኒውም፣ ድምፅ እየሰማ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚያስተዳድር ሰው አለ።

የዩፕሳ ነጥቡ ዝቅ ካለ ክህሎቱን ማሠልጠን ነው። ነጥቡ ከፍ ብሎ ቤት ውስጥ ምንም ካልሠራስ? ያኔ ሥልጠና ከመጨመር በፊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ።

ሥልጠናው እንዴት እንደሚሰጥ በሚቀጥለው ቪዲዮ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ አድርጉታ!