ሐሙስ ከሰዓት በአማልፊ ዳርቻ

ውድ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

በእረፍት ቀናችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የእረፍት ቀን ዋጋው ስንት እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው መንገር አያስፈልግም። ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ። ጣሊያን አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት «የራሴ» የምትለው ጊዜ እሱ ነው። እኔ ሳሌርኖ ከተማ አንዲት አዛውንት እያስታመምኩ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። በእነዚያ ሐሙሶች ያየሁትን ላጫውታችሁ፣ አብረን ስለምናደርገው ጉዞም ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ከሳሌርኖ ወጣ ሲሉ የአማልፊ ዳርቻ ይጀምራል። ቪዬትሪ፣ ቼታራ፣ ሚኖሪ፣ አማልፊ፣ ፖዚታኖ። ገደሉ ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል። ገደሉ ላይ በድንጋይ እርከን ሎሚ ተተክሏል። መንገዱ ሁለት መኪና በመከራ ያሳልፋል። ዩኔስኮ በ1997 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ዓይን አይጠግብም፣ እውነት ነው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ባሕሩን አይቼ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ አይስክሬም በልቼ እመለስ ነበር። ግን ማታ ቤት ስገባ አንድ ነገር ይጎድለኝ ነበር። የሰው ቤት ደጅ ላይ ቆሜ፣ ግድግዳውን አድንቄ፣ ሳልገባ የተመለስኩ ያህል።

ያን የነገርኳት ለሲኞራዬ፣ ለማስታምማት አዛውንት ነው። ያኔ ዘጠና ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። «ወረቀት ቤቱን አይተሻል?» አለችኝ። አላየሁም። በልጅነቷ አማልፊ ውስጥ ወረቀት ፋብሪካ ትሠራ እንደነበር የዚያን ቀን ነገረችኝ። ሥራዋ ቡትቶ መልቀም ነበር። የተልባ እግር ጨርቁን ለብቻ፣ ጥጡን ለብቻ፣ ቁልፉንና ስፌቱን ቆርጦ ማውጣት። ቀኑን ሙሉ አቧራ። «ሂጂና እይው» አለችኝ። ሄድኩ።

የአማልፊ የወረቀት ሙዚየም ከካቴድራሉ አልፋችሁ ወደ ሸለቆው ስትወጡ ነው። ቦታው የወፍጮዎች ሸለቆ ይባላል። ከአደባባዩ ያለው ግርግር እዚያ ድረስ አይከተላችሁም። የውኃ ድምፅ ብቻ ነው። ቤቱ ራሱ ድሮ ወረቀት ይሠራበት የነበረ ነው። ኒኮላ ሚላኖ የሚባሉት ባለቤቱ በ1969 ሙዚየም እንዲሆን አደረጉት። ሲገቡ ቀዝቀዝ ይላል፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለው።

አስጎብኚዋ ውኃውን ስትለቀው መንኮራኩሩ ዞረ። ከዚያ ትልልቅ የእንጨት መዶሻዎች አንድ በአንድ እየተነሱ የድንጋይ ገንዳው ላይ መውረድ ጀመሩ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። እግሬ ሥር ተሰማኝ። የእናቴ ሙቀጫ ነው ትዝ ያለኝ። መዶሻዎቹ ጫፋቸው ላይ የብረት ምስማር አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ያለው ትልልቅ ነው፣ ጨርቁን ይቦጫጭቀዋል። ቀጥሎ ያለው ደቀቅ ይላል። እንዲህ እየተደበደበ ቡትቶው ቀጭን ገንፎ ይመስላል። በኋላ ሆላንዶች የፈለሰፉት ስለት ያለው ማሽን መጣና ሥራውን አፋጠነው። እሱም እዚያው ቆሟል።

ገንፎው ገንዳ ውስጥ በውኃ ይቀጥናል። ሠራተኛው የሽቦ ወንፊት ሰቅስቆ ያወጣል፣ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ውኃው ይንጠባጠባል፣ ወንፊቱ ላይ ስስ ነገር ይቀራል። ወረቀቱ እሱ ነው። ከዚያ በሱፍ ጨርቅ መሃል እየተደረደረ ይጨመቃል፣ እንዲደርቅ ሰገነት ላይ ይሰጣል፣ ቀለም እንዳይመጥም ከእንስሳ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይነከራል። ወንፊቱ ላይ በሽቦ የተሠራ ምልክት አለ። ሽቦው ባለበት ወረቀቱ ይሳሳል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት የባለፋብሪካው ዓርማ ወለል ብሎ ይታያችኋል። እኔም እንድሞክር ወንፊቱን ሰጡኝ። እጄ ተንቀጠቀጠና አንዱ ጥግ ወፍራም፣ አንዱ ጥግ ስስ ሆነብኝ።

እዚያ አንድ ነገር ሰማሁ፣ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የአማልፊ ነጋዴዎች ከአረቦች ጋር ሲነግዱ ወረቀትን ቀድመው ከለመዱት አውሮፓውያን መካከል ነበሩ። ዳግማዊ ፍሬድሪክ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ግን በ1231 የመንግሥት ሰነድ በብራና እንጂ በወረቀት እንዳይጻፍ አዘዘ። ምክንያቱ ወረቀት አይበረክትም የሚል ነው። የእኔ አጎት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ብራና ይፍቅ ነበር። የፍየሉን ቆዳ እንጨት ላይ ወጥሮ፣ ጎንበስ ብሎ ሲፍቅ ውዬ አይቻለሁ። ብራና ለምን እንደሚበረክት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ንጉሡ እንዲህ የፈራለት ወረቀትም ቢሆን ይኸው እስካሁን አለ።

በሱቁ አንድ ሉህ ገዛሁ። ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ እንደ እንጀራ ዳር ሸካራ ነው። ለሲኞራዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አላነሳችም። ወደ መስኮቱ ዞራ ወረቀቱን ከፍ አደረገችና ምልክቱን ፈለገች። ከዚያ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰችው፣ ዙሪያውን። ብዙ ቆየች። በጥቅምት 1954 ሌሊት ስለወረደው ጎርፍ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ጎርፉ በሳሌርኖና በዳርቻው ከሦስት መቶ ሰው በላይ ገድሏል። የአማልፊን ወረቀት ቤቶችም አብዛኞቹን አበላሽቷቸዋል። ዛሬ በዚያ ሸለቆ ወረቀት የሚሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ባሕሩን ብቻ አይቼ መመለስ አልቻልኩም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር «ደግሞ የዚህኛው ከተማ ሰው ምን ሠርቶ ኖረ?» እያልኩ ትንንሾቹን ሙዚየሞች ፈለግሁ።

እዚያው አማልፊ ውስጥ የድሮ መርከብ መሥሪያው አዳራሽ አለ። ቅስቱ ድንጋይ ነው፣ ግማሹን ባሕር ወስዶታል። የባሕር ንግድ ሕጋቸውን የያዘ ጥንታዊ ጽሑፍና ኮምፓስ እዚያ ታያላችሁ። ፖዚታኖ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር በደረጃ ትወርዱና በ79 ዓመተ ምሕረት የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የተቀበረ የሮማውያን ቤት ታገኛላችሁ። ለሕዝብ የተከፈተው በ2018 ነው። የግድግዳው ሥዕል ቀለሙ ዛሬም ደማቅ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚያስገቡት፣ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ራቬሎ የኮራል፣ ሶሬንቶ የእንጨት ጌጥ ሙዚየም አላቸው። ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ፣ ግን ዛሬ አልቆይባቸውም። ራይቶ ላይ መቆየት ስላለብኝ ነው።

ራይቶ ከቪዬትሪ በላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። እዚያ ቪላ ጓሪሊያ በሚባለው ግቢ፣ ግንቡ ውስጥ የሸክላ ሙዚየም አለ። ቪዬትሪ የሸክላ ሠሪ ከተማ ናት። የውኃ እንስራው፣ የዘይት ማሰሮው፣ ደጃፍ ላይ የሚለጠፈው የቅዱሳን ሥዕል፣ ሁሉም አለ። በ1920ዎቹ ከጀርመን የመጡ ሠዓሊዎች ከአገሬው ሸክላ ሠሪ ጋር አብረው ሠርተዋል። ሪሻርድ ዶልከር የሚባለው የፈጠራት ትንሽ አህያ ዛሬ የከተማዋ ምልክት ሆናለች። እንግዳ ሆነው መጥተው፣ በእጃቸው ሥራ የአገሩ ሰው ሆኑ። ይህን ስል ለምን ድምፄ እንደሚሰበር እናንተ ታውቁታላችሁ።

ቤቱ የራፋኤሌ ጓሪሊያ ነበር። በ1943 በባዶሊዮ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ናቸው። ባዶሊዮ ማን እንደሆነ ለእኛ አይነገርም። በ1944 ሳሌርኖ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ስትሆን ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሳልሳዊ መጥተው ያረፉት እዚሁ ቤት ነው። በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ የደረቡት እሳቸው ናቸው። እዚህ ሲደርሱ ግን ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል።

ይህን ሳውቅ በሩ ላይ ቆምኩ። መግባት ከበደኝ። ትንሽ ቆይቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ። ባዶ ቤት አልነበረም የጠበቀኝ። ሳህን፣ እንስራ፣ አረንጓዴ አህያ። ሴቶች ውኃ የቀዱበት፣ ልጆች ሾርባ የጠጡበት ዕቃ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ያን ሰማያዊ ባሕር ሳየው ደስ አለኝ። በእረፍት ቀኔ ነበርኩ፣ ማንም አላዘዘኝም።

አሁን ስለ ጉዟችን። ወሩ መጨረሻ ላይ ባለው እሁድ ወደ አማልፊ እንሄዳለን። በባቡር ሳሌርኖ ድረስ፣ ከዚያ በጀልባ። የአውቶቡሱ መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ለሚያዞራቸው እናቶች ጀልባው ይሻላል። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ወደ ወፍጮዎቹ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ራይቶን ሌላ ሐሙስ ላይ እናደርገዋለን። ትንንሽ ሙዚየሞች ሰዓታቸው ስለሚለዋወጥ ደውዬ አረጋግጬ እነግራችኋለሁ።

እኔ ከዚያ ወረቀት ሁለተኛ ሉህ ገዝቼ ለእናቴ ደብዳቤ ጽፌበት ነበር። ሲደርሳት ደወለችልኝና «ልጄ፣ ብራና ነው እንዴ የላክሽልኝ?» አለችኝ። እናንተም ትገዛላችሁ ብዬ አምናለሁ። የምትጽፉለትን ሰው ከአሁኑ አስቡ።

አመሰግናለሁ።